ስሕተቱን የማይደብቅ ተመራማሪ

ተማሪዎች ሆይ፤ ስለ ኳንተም ኮምፒዩተር ምርምር ሲነገር ብዙዎች ሥራው ልዩ አእምሮ ለተሰጣቸው ሰዎች ብቻ የተተወ ይመስላቸዋል። በእኔ አስተያየት ግን ለዚህ ሙያ ከፈጣን አእምሮ ይልቅ የሚያስፈልገው ስሕተትን ሳይደብቁ የመመዝገብ ልማድ ነው። ምክንያቴንም እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

ተራው ኮምፒዩተር መረጃን የሚይዘው ዜሮ ወይም አንድ በሆኑ ምልክቶች ነው። የኳንተም ኮምፒዩተር መሠረት የሆነው ኪዩቢት ግን የሁለቱን ሁኔታ አጣምሮ ሊይዝ ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ ሁኔታ በቀላሉ የሚበላሽ ስለ ሆነ ጥቂት ሙቀት እንኳ ያጠፋዋል። ከዚህ የተነሣ አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ቅዝቃዜ ውስጥ ይሠራሉ። ያም ሆኖ ስሕተት አይቀርም። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1995 የአንዱን ኪዩቢት መረጃ ለ9 ኪዩቢቶች በማከፋፈል ስሕተቱን ፈልጎ ማረም እንደሚቻል አሳየ። እንግዲህ መሣሪያው እንኳ ስሕተቱ ካልታወቀለት ሊታመን አይችልም።

ተመራማሪውስ? እ.ኤ.አ. በ2018 በኔዘርላንድስ በዴልፍት ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለኳንተም ኮምፒዩተር ይጠቅማል የተባለ ታላቅ ግኝት በጽሑፍ አወጡ። ሌሎች ባለሙያዎች የሙከራውን መረጃ ሲመረምሩ ግን ከሐሳቡ ጋር የማይስማማው ክፍል መቅረቱ ታወቀ። ደራሲዎቹም በ2021 ይቅርታ ጠይቀው ጽሑፋቸውን አነሡ። የዚያን ጊዜ የባከነው የእነርሱ ድካም ብቻ ሳይሆን ግኝቱን አምነው የተከተሉት ሰዎች ድካም ጭምር ነው።

ይህ ፈተና ከእናንተም የራቀ አይደለም። አዲስ አበባ ሳስተምር ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ተማሪዎቼን አስለካሁ። መጽሐፉ 100 ስለሚል አብዛኞቹ 100 ብለው ጻፉ። ያየችውን 92 የጻፈችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እርሷም የተሳሳተች መስሏት አፍራ ነበር። ነገር ግን በከፍታ ቦታ የአየር ግፊት እንደሚቀንስ፣ ውሃም ፈጥኖ እንደሚፈላ ያን ዕለት የተማርነው ከእርሷ ቁጥር ተነሥተን ነው።

ስለዚህ ከመካከላችሁ ወደዚህ ምርምር ለመግባት የሚመኝ ቢኖር ዝግጅቱን ዛሬውኑ ይጀምር። ሒሳብንና ፊዚክስን ተግታችሁ አጥኑ፤ በደብተራችሁ ላይ ግን ያያችሁትን እንጂ ሊታይ ይገባል የተባለውን አትጻፉ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ተመራማሪ ግን እውነቱን ሌላ ሰው እስኪያጠራለት ድረስ መጠበቅ አይገባውም።