ማሳወቅ ልመና አይደለም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

«ሰላማዊ ሰልፍ» የሚለው ቃል ሲነሳ በብዙዎቻችን ቤት ድንጋጤ ይገባል። እናት ልጇን «አርፈህ ተቀመጥ» ትላለች። አባት «ፊትና ነው» ብሎ ወሬውን ይቆርጣል። ሹሙ ደግሞ «ሁከት ነው» ይላል። ለመሆኑ በደልን በአደባባይ መናገርና ሁከት ማንሳት አንድ ናቸውን? ዲናችን አንድ ናቸው ይላልን? የአገሪቱ ሕግስ?

አቡ ዳውድ ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የዘገቡትን ሐዲስ እናስታውስ። አንድ ሰው ጎረቤቱ እንደሚያስቸግረው ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስሞታ አቀረበ። እርሳቸውም ታግሦ እንዲኖር ነገሩት። ሰውየው ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በመጨረሻ የቤት ዕቃውን አውጥቶ መንገድ ላይ እንዲያኖር አዘዙት። አላፊ አግዳሚው ምን እንደሆነ ሲጠይቀው በደሉን ይነግር ጀመር፤ ሰዎቹም በዳዩን ረገሙት። ያን ጊዜ ጎረቤቱ ራሱ መጥቶ ዕቃውን ወደ ቤት እንዲመልስ ለመነው፤ ዳግመኛ እንደማያስቸግረውም ቃል ገባ።

እስቲ ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። መጀመሪያ ትዕግሥት፣ ቀጥሎ ስሞታ፣ ከዚያ በኋላ አደባባይ። ተበዳዩ ድንጋይ አልወረወረም፤ የጎረቤቱን በር አልሰበረም። ያወጣው የራሱን ዕቃ፣ የተናገረውም እውነቱን ብቻ ነው። «ሰብር አድርጉ» እያሉ አፍ የሚዘጉ ወንድሞቻችን የሐዲሱን መጀመሪያ ይዘው መጨረሻውን ለምን ይተዉታል? የሰዕለባ ልጅ ኸውላ (ረ.ዐ) ስለ ባሏ ነገር ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ስትሟገት ማን ዝም አሰኛት? አላህ (ሱ.ወ) ሰምቷት ሱረቱል ሙጃደላ አልወረደምን?

በሌላ በኩል ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ ሐቅ እንዳለው አስተምረዋል። ዓይንን መስበር፣ ሰውን አለማስቸገር፣ ሰላምታ መመለስ፣ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል የመንገድ ሐቆች ናቸው። አደባባይ የወጣ ሙስሊም ይህን ሐቅ ካላከበረ ጥያቄውን ራሱ ያበላሸዋል።

የአገሪቱ ሕግም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል። የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ ሥርዓቱን ያስቀምጣል። አዘጋጆቹ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቃሉ፤ በከተማ ለከንቲባው ጽሕፈት ቤት፣ በገጠር ለወረዳው አስተዳደር። ጽሕፈት ቤቱ ቦታው ወይም ሰዓቱ ቢለወጥ ይሻላል ካለ በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን ጠቅሶ በጽሑፍ ይመልሳል። ነገር ግን ሰልፉ በምንም ቦታ፣ በምንም ጊዜ አይደረግም ማለት አይችልም። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታልና ከመቃብር ቦታ በ100 ሜትር፣ ከጦር ሰፈር በ500 ሜትር ክልል ውስጥ ሰልፍ አይደረግም። በገበያ ቀንም ገበያ ባለበት አካባቢ ክልክል ነው።

አንባቢ ሆይ! ሕጉ ያዘዘው ማሳወቅን ነው። ሹሙ ግን ማሳወቅን ወደ ማስፈቀድ፣ ማስፈቀድን ወደ ልመና ለውጦታል። ያላስፈቀደ ሁሉ «ሁከተኛ» ይባላል። ሁከት ማለት ግን ድብደባ፣ ዝርፊያና ቃጠሎ ነው። ሹምን ማስቀየም ሁከት አይደለም!

ይህ አጠራር የት እንዳደረሰን የቅርብ ታሪካችን ምስክር ነው። በ2004 ዓ.ም በአወሊያ የተጀመረው እንቅስቃሴ ሦስት ጥያቄ ነበረው፤ የአሕባሽ ትምህርት በግድ አይጫንብን፣ አወሊያ በቦርድ ይተዳደር፣ የመጅሊስ ምርጫ በመስጊድ ይደረግ። ሕዝቡ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም አንዲት ቃል ሳይናገር፣ «ድምፃችን ይሰማ» አለ። መልሱ ምን ሆነ? የኮሚቴው አባላት በሐምሌ 2004 ታሰሩ። የተከሰሱት የሕዝብ አገልግሎትን ማወክን ሳይቀር ከ15 ዓመት እስራት እስከ ሞት በሚያስቀጣው በጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ነበር። በሐምሌ 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። «መስጊድ ውስጥ ተሰልፈው የ100 ሜትሩን ድንጋጌ ጥሰዋል» የሚል ቢኖር እንኳ፣ ያ የሰልፍ ሥርዓት ጉዳይ እንጂ እንዴት ሽብር ይሆናል?

ከዚያስ? እስረኞቹ እስከ 2010 በየተራ ተፈቱ። በ2012 ዓ.ም የወጣው አዲሱ የሽብር አዋጅ ቁጥር 1176 ሰላማዊ ሰልፍን የመሰለ መብት መጠቀም ሽብር እንደማይባል ጻፈ። በዚያው ዓመት መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። በነሐሴ 2017 የመጅሊስ ምርጫ በየመስጊዱ ተካሄደ። ትናንት ሽብር የተባለው ዛሬ ሕግ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ የእነዚያን ሰዎች የእስር ዓመታት ማን ይመልሳል?

ከዚህ ሁሉ በኋላም ትምህርቱ አልገባም። በግንቦት 2015 በሸገር ከተማ የመስጊዶችን መፍረስ የተቃወሙ ሙስሊሞች በአዲስ አበባ አንዋር መስጊድ አካባቢ ተተኮሰባቸው፤ ሰዎችም ሞቱ። ለፈረሰ መስጊድ የጮኸን ሰው በጥይት ከመመለስ የበለጠ የጸጥታ መደፍረስ ምን አለ?

«እኛ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ የምንኖር ሙስሊሞች ጥቂት ነን፤ ይህ የከተማ ሰው ጉዳይ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሕግ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ለጥቂቱ ነው። ብዙ የሆነ በቁጥሩ ይደመጣል፤ ጥቂት የሆነ በሕግ ካልሆነ በምን ይደመጣል? መብቱ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2015 የክልላችን ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተው አቤት ለማለት አደባባይ ሲወጡ ያው መብት ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች እንጂ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች አይደለንም» ብለን በተሰለፍን ጊዜ ክርስቲያን ወገኖቻችን ከጎናችን ወጥተዋል። የዒድ በዓሎቻችንና መውሊድ በአገር ደረጃ የታወቁት ከዚያ ሰልፍ በኋላ ነው።

ይህ ማለት ግን ዛሬውኑ ልጆቻችሁን ወደ ጎዳና ስደዱ ማለት አይደለም። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ጀምሮ አሥር ወር የቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምን ያህል እንዳጠበበን ሁላችን እናውቃለን። ጥይት በሚጮህበት ሰፈር ሰልፍ መጥራት ነፍስን ለአደጋ መጣል ነው። ነገር ግን አንቀጽ 30 አቤቱታንም ይዟል። አቤቱታችሁን በጽሑፍ አድርጉት፤ ቀን ጻፉበት፤ ቅጂውን ያዙ፤ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። ልጆቻችሁን ስድብና ድንጋይ ሐራም መሆኑን አስተምሩ። በዚያው አፋችሁ ዝምታ ሁልጊዜ ሰብር እንዳልሆነም ንገሯቸው። ያ ሰሓባ ዕቃውን መንገድ ላይ ባያወጣ ኖሮ ጎረቤቱ መቼ ይመለስ ነበር?

አላህ ሐቅን በሐቅ መንገድ ከሚጠይቁ ያድርገን፤ ለአገራችንም ሰላምን ይስጥ። አሚን።

ወላሁ አዕለም።