6ኛው ጥርስ ሳይበሰብስ

ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ይበቅላል። ከፊት መሐል ጀምረን ወደ ኋላ ብንቆጥር 6ኛው ነው። የሚበቅለው የትኛውንም የወተት ጥርስ ሳይተካ ስለሆነ፣ የወለቀ ጥርስ ያላየ ወላጅ መብቀሉን ላያስተውል ይችላል፤ ሲጠቁርም «የወተት ነው፣ ይወልቃል» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ጥርስ ግን ምትክ የለውም።

በእኔ እምነት፣ በደብረ ታቦርና በጋፋት ዙሪያ ለሚማሩ ሕፃናት የጥርስ ጤና ቀዳሚው ሥራ እነዚህን 4 መንጋጋዎች ሳይበሰብሱ መሸፈን ነው። የመንጋጋ ማኘኪያ ገጽ ጠባብና ጥልቅ ቦዮች አሉት፤ አንዳንዶቹ ከብሩሽ ፀጉር እንኳ የጠበቡ ናቸው። መፋቂያችን የጥርስን ፊትና ጎን አሳምሮ ያጸዳል፤ ወደ ቦዮቹ ግን አይዘልቅም። በዚያ የቀረውን ስኳር ባክቴሪያዎች ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ በየሱቁ በሚሸጥበት በዛሬው ጊዜ ደግሞ ስኳሩ አይጠፋም። ሲላንት የተባለው ስስ ሽፋን እነዚህን ቦዮች ይደፍናል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚገልጸው፣ ሽፋኑ በቋሚ መንጋጋዎች ላይ ከሚደርሰው መበስበስ 80 በመቶውን ለ2 ዓመታት ይከላከላል።

የጥርስ ሐኪም እንደ ልብ በማይገኝበት ገጠር ይህ ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ሬዚንን የሚመለከት ከሆነ ተገቢ ነው፤ ሬዚን የጥርሱ ገጽ በአሲድ እንዲሻክር፣ ፈጽሞ እንዲደርቅ፣ አብዛኛውን ጊዜም በልዩ ብርሃን እንዲጠነክር ይሻል። ግላስ አዮኖመር ግን እርጥበትን ይታገሣል፤ በጣት ተጭኖ ያለ ኤሌክትሪክ ይጠነክራል፤ ፍሎራይድም ይለቃል። በታንዛኒያ የተጀመረው ያለ መሰርሰሪያ የሚሠራ የጥርስ ሕክምና ዘዴ ዛሬ የሚገለገለው በዚሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካቶታል።

ከሬዚን ቀድሞ የሚላቀቅ መሆኑ አይካድም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ለብጦ መሄድ አይበቃም፤ በዓመቱ ተመልሶ የሚያይ የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚመቸው ቦታ ትምህርት ቤት ነው፤ የ1ኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜ 7 ዓመት በመሆኑ ጥርሱ በቅሎ ሳይበሰብስ የሚገኘው ያኔ ነውና።

የእኛ የተመራማሪዎቹ ድርሻ ከዚህ ይጀምራል። ከሌላ አገር የመጣ ውጤት፣ የገብስ ቆሎ በየቀኑ በሚቆረጥም የደጋ ልጅ አፍ ውስጥ ሽፋኑ ስንት ወር እንደሚቆይ አይነግረንም። ጥያቄው ለአንድ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ነው፤ ለማጥናትም ጥቂት ትምህርት ቤቶች፣ አንድ መስታወትና የ2 ዓመት ትዕግሥት ይበቃሉ።