አቋረጠች አትበሉኝ!

ዛሬ ከአንዲት ቃል ጋር ጠብ ይዤ መጥቻለሁ። ቃሏ «አቋረጠች» ትባላለች።

ስምንተኛ ክፍል ሳለን ከጣና ዳር ቀበሌ የምትመጣ፣ አንድ ዴስክ የምንጋራ ጓደኛ ነበረችኝ። ሒሳብ የምታስረዳኝ እሷ ነበረች። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና አልቆ ለእረፍት ተበተንን፤ የካቲት ላይ ስንመለስ ቦታዋ ባዶ ነው። የክፍል ኃላፊያችን ሦስት ቀን ስሟን ጠሩ፤ በአራተኛው «አቋረጠች» ብለው መዝገቡ ላይ ሰረዟት። በቃ! ጥር ላይ ተድራ እንደነበር የሰማነው ኋላ ነው።

ጋዜጠኝነት ስማር ከሁሉ በላይ የቀረልኝ ነገር ቢኖር «ማን አደረገው?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ልጅቷ ትምህርት አቋረጠች» ሲባል አድራጊዋ ልጅቷ ናት። አባት የለበትም፣ ሽማግሌ የለበትም፣ ሙሽራው የለበትም፣ እኛም የለንበትም። ሁላችንም ከዓረፍተ ነገሩ ወጥተን እጃችንን ታጥበናል። እሷ እኮ አላቋረጠችም፤ አስቋረጧት እንጂ!

«ድህነት ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ድህነት መኖሩን የባሕር ዳር ልጅ ሆኜ አልክድም። ወንዱም ቢሆን ከብት ጠብቅ ተብሎ ይቀራል። ግን የከብት እረኛው በዓመቱ ሊመለስ ይችላል፤ የተዳረችው ስትመለስ ስንት ጊዜ አይታችኋል? ደግሞስ ድህነቱ ለሁለቱም አንድ አይደል? እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በአገራችን የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ ለወንድ 23.7፣ ለሴት 17.1 ነው። በአንድ ጎጆ፣ በአንድ ድህነት ውስጥ ለእሱ ከስድስት ዓመት በላይ ተጨመረለት። ልዩነቱን ያመጣው ኪሳችን ሳይሆን ጭንቅላታችን ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እየተባለ ባደገ ጭንቅላት የሴት ልጅ ደብተር እንደ ብክነት ቢታይ ምን ይገርማል?

ድሃ ነን የሚለው ቤት እኮ ለሠርጉ በሬ ይጥላል፣ ጠላ ይጠምቃል። ወጪው ሲከብደው ደግሞ የሚያመጣውን መላ ስሙልኝ፦ ታላቋ ስትዳር ታናሿንም በዚያው ድግስ ይድራታል! ለአንድ በሬ ሁለት ሙሽራ። ወራቱም ጥር ነው። ዓቢይ ጾም ሳይገባ መቸኮል አለ። የሠርጉ ወቅትና የትምህርት ቤቱ የመንፈቅ ዓመት እረፍት አንድ ላይ ስለሚገጥሙ ልጅቷ በእረፍቱ ትሄዳለች፣ ፈላጊ የላትም፣ የካቲት ላይ «አቋረጠች» ትባላለች።

ሕግ የለም እንዳይባል ሞልቷል። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ደግሞ ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት እንደሆነ እስከ 3፣ ያልሞላት እንደሆነ እስከ 7 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ይላል። ታዲያ ምን ይደረጋል? ሠርጉ «ተዝካር ነው» ወይም «ማኅበር ነው» ተብሎ ይደገሳል። የሚጠይቅ ከመጣ «18 ሞልቷታል» ነው መልሱ። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደችውን ልጅ ዕድሜ በወረቀት ማስረዳት ይቸግራል።

ግን እውነት ዕድሜዋን የሚያውቅ ጠፍቶ ነው? በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሷት ቄስ አሉ። ክርስትና እናቷ አለች። አባቷ ሲዳኙ «የትኛው ዘመን፣ የማን ዓመት ነው» ሲባሉ የበሬያቸውን ዕድሜ እንኳ አይስቱም። የልጃቸው ሲሆን ነው የሚጠፋባቸው!

«ባህል ነውና አይለወጥም» ለምትሉኝ ደግሞ ሩቅ አልሄድም። እዚሁ ክልላችን ሞሰቦ በምትባል የገጠር መንደር እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። የልጃገረዶች ቡድን፣ የትምህርት ቁሳቁስ፣ ከወላጆች ጋር ውይይት፣ በመጨረሻም ልጁን ላልዳረ ቤተሰብ ከአንድ በግ ወይም ፍየል ዋጋ የማይበልጥ ስጦታ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት መንደር ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ ትምህርት ላይ የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ፣ የመዳር ዕድላቸው ደግሞ አንድ አሥረኛ ሆኖ ተገኘ። ከ15 ዓመት በላይ ያሉት ላይ ግን ጋብቻው አልቀረም፤ የዘገየ ነበር። ቢሆንም «አይለወጥም» የተባለው ባህል በደብተርና በፍየል ዋጋ ሲነቃነቅ አይተናል።

ያላዩት ደግሞ ሌላውን ይዩ። ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ለወሊድ ባልደረሰ ገላ፣ ያለ ሐኪም እርዳታ ቀናት የፈጀ ምጥ ምን እንደሚያደርግ እዚያ ያሉት ሐኪሞች ያውቁታል። ያልተጻፈው ደብተር ሂሳቡ እዚያ ይከፈላል።

አሁን ደግሞ ይባስ ብሎ ጦርነቱ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ! በ2017 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደነበሩ ተዘግቧል። ወንድም ሴትም። ለሴቷ ግን ትምህርት ቤት መማሪያ ብቻ አልነበረም፤ ሽማግሌ ሲመጣ «እየተማርኩ ነው» የምትልበት መከለያዋም ነበር። በሩ ሲዘጋ መከለያው ፈረሰ። ጠመንጃ የያዛችሁ ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ብትሆኑ፣ ልጃገረዶችን እያስዳራችሁ መሆኑን እወቁት።

መምህራኖቻችን፦ ስሟ ሦስት ቀን ተጠርታ ከቀረች በአራተኛው እስክሪብቷችሁን ሳይሆን እግራችሁን አንሱ። አባቶች ካህናት፦ ክርስትና ያነሳችኋትን ልጅ ዕድሜ መስክሩ። ርእሰ መምህራን፦ የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ሳይገባ ወላጆችን ሰብስቡ። ሁሉም ካቃተ ደግሞ ቢያንስ መዝገቡ ላይ እውነቱን ጻፉት፦ «ተዳረች»። ቀጥሎም «ማን ዳራት?»

ያቺ ጓደኛዬ ሒሳብ ትችል ነበር። የእኛን ስሌት ግን ማን ያርመው?

ቸር እንሰንብት።