ጊታር፣ ሮሽቲና ብሽሽቅ በላንግሽትራሰ

ላንግሽትራሰ በጀርመንኛ «ረጅም መንገድ» ማለት ነው። ዙሪክ ውስጥ በባቡር ሐዲድ ሥር አልፎ አራተኛውንና አምስተኛውን ክፍለ ከተማ የሚያገናኝ ጎዳና ነው። ስሙ ረጅም ይባል እንጂ ከዳር እስከ ዳር በእግር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ቀን ቀን ፀጉር ይቆረጥበታል፣ ቅመም ይሸጥበታል፣ ወደ አገር ቤት ገንዘብ ይላክበታል። ማታ ማታ ቡና ቤቶቹና ጭፈራ ቤቶቹ ይነቃሉ። ወላጆቻችሁ አዲስ አበባን የሚያውቁ ከሆነ «ፒያሳ ዓርብ ማታ» በሏቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

እዚያ አንድ ቡና ቤት አለ። (ቡና ቤት ስል ቢራ የሚሸጥበትን ነው፤ አማርኛ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል።) በወር አንድ ሐሙስ የ1990ዎቹን ሮክ ብቻ ያጫውታሉ። እኔና የሥራ ባልደረቦቼ አልፎ አልፎ እንሄዳለን። ሶፍትዌር የምንሠራ ስምንት ሰዎች ነን፤ የመጣነው ግን ከስድስት አገር ነው። ጊታሩ ሲጮኽ ስምንታችንም አንድ ሰው እንሆናለን። ዘፈኑ ሲያልቅ ተመልሰን ስድስት አገር እንሆናለን። ጀርመኑ በዙሪኩ ልጅ ይቀልዳል፣ የዙሪኩ ልጅ በጀርመኑ ይቀልዳል፣ የጄኔቫው በሁለቱም ይስቃል፣ ጣሊያኑ ደግሞ ሁላችንም ቡና መጠጣት እንደማንችል ያስረዳናል። እኔ በቡና ጉዳይ ላይ ዝም አልልም። ቡና ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው እንዴት ዝም ይላል?

ይህ ነገር በአማርኛ ብሽሽቅ ይባላል። ቃሉን ያዙት፣ ይጠቅማችኋል። «በሸቀ» ማለት ተናደደ ማለት ነው። «አበሸቀ» ሌላውን አናደደ። «ተበሻሸቁ» ደግሞ እርስ በርስ ተነካኩ፣ እየሳቁ ተናደፉ። ብሽሽቅ ከጠብ ይለያል። አገር ቤት የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊዎች ስታዲየም ውስጥ ይበሻሸቃሉ። በድሮ ሰርግ የሙሽራውና የሙሽራዋ ወገኖች በዘፈን ይሰዳደቡ ነበር፤ ከዚያ አንድ ገበታ ላይ ይቀመጣሉ። መሰዳደቡ ራሱ የዝምድናው መጀመሪያ ነበር።

ወደ ጊታሩ ልመለስ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ግራንጅ የተወለደው በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲያትል ውስጥ ነው፤ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዚያች ዝናባማ ከተማ። ቃሉ «እድፍ» እንደማለት ነው። ድምፁ ሆን ተብሎ ሻካራ ነው፣ ጊታሩ ይነፋረቃል፣ ዘፋኙ ቀስ ብሎ ይጀምርና ድንገት ይጮኻል። ልብሱ ከልባሽ ጨርቅ ሱቅ የተገዛ ባለ ካሬ ወፍራም ሸሚዝና የተቀደደ ጂንስ ነው። ኒርቫና፣ ፐርል ጃም፣ ሳውንድጋርደንና አሊስ ኢን ቼይንስ ዋናዎቹ ቡድኖች ናቸው። የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» የተባለው አልበም መስከረም 24 ቀን 1991 ወጣ። በጥር 1992 የማይክል ጃክሰንን «ዴንጀረስ» ከአሜሪካ የአልበሞች ዝርዝር አናት ላይ አወረደው። ያኔ እኔ አዲስ አበባ ውስጥ እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ነበር። ደርግ ከወደቀ ገና ጥቂት ወራት ነበር፤ እኛ ቤት ማንም ስለ ሲያትል ወሬ አልነበረውም።

አውሮፓ ግን ቀደም ብሎ ሰምቶ ነበር። ኒርቫና በ1989 ገና ስም ሳይኖረው ከሌላ ቡድን ጋር በአንድ መኪና ታጭቆ በአውሮፓ ትናንሽ ክለቦች ዞሯል። የመጨረሻ ኮንሰርቱንም ያቀረበው አሜሪካ ውስጥ ሳይሆን መጋቢት 1 ቀን 1994 ሙኒክ ውስጥ ነው፤ ከዙሪክ በባቡር ጥቂት ሰዓት ይርቃል። ዘፋኙ ከርት ኮቤይን ከአምስት ሳምንት በኋላ በ27 ዓመቱ ሞተ።

ዙሪክ ለዚያ ሙዚቃ የራሷ ምክንያት ነበራት። ዛሬ ንጹሕና ሀብታም ብላችሁ የምታውቋት ከተማ ያኔ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ፕላትስሽፒትስ የሚባል ፓርክ ነበራት። በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች በጠራራ ፀሐይ ሄሮይን የሚወጉበት ቦታ ሆኖ ነበር። ፓርኩ በየካቲት 1992 ተዘጋ። ሰዎቹ ግን አልጠፉም፤ ወደ ጎረቤት ሰፈሮች ተበተኑ፣ ላንግሽትራሰም አንዱ ነበር። በዚያን ጊዜ እዚህ ያደገ ሰው ስለ ተስፋ መቁረጥ የሚጮኽ ዘፈን ሲሰማ የሩቅ አገር ወሬ አይመስለውም ነበር። የኛ ሰው ትዝታን ሲሰማ አንገቱን እንደሚነቀንቀው ማለት ነው፤ ቅኝቱ ይለያያል፣ ሆዱ ግን አንድ ነው።

አሁን ብሽሽቁ። ዙሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው በጀርመኖች ላይ ነው። ከ2002 ጀምሮ የሰዎች ነጻ ዝውውር ስምምነት ሥራ ላይ ሲውል ብዙ ጀርመኖች መጡ፤ ሐኪሞች፣ መምህራን፣ መሐንዲሶች። ቋንቋው አንድ ነው ብለው መጡ። አይደለም! የዙሪክ ሰው የሚናገረው የራሱን ጀርመንኛ ነው፤ የጀርመን ቴሌቪዥን የስዊስ ሰው ቃለ መጠይቅ ሲያቀርብ አንዳንዴ ከሥሩ ጽሑፍ ያስቀምጣል። ትልቁ ክስ ግን የቢራ ክስ ነው። ጀርመኑ አስተናጋጁን ሲጠራ «አንድ ቢራ እወስዳለሁ» ዓይነት ነገር ይላል። የዙሪኩ ሰው ግን «እባክዎ፣ ይቻል እንደሆነ፣ አንድ ቢራ ማግኘት እችል ነበር?» ይላል። ለጀርመኑ ይህ ጊዜ ማባከን ነው። ለዙሪኩ ያኛው ብልግና ነው። እናንተ ይህን ልትረዱት ይገባል። አያታችሁን «አንቺ» ብላችሁ ስትጠሩ እናታችሁ ለምን ዐይኗን እንደምታፈጥባችሁ ታውቃላችሁና።

ሁለተኛው ብሽሽቅ በራሷ በስዊዘርላንድ ውስጥ ነው። ሮሽቲ ማለት ተፍቆ በመጥበሻ የሚጠበስ ድንች ነው፤ የጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ምግብ። በእነሱና በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ መካከል ያለው የማይታይ ድንበር «የሮሽቲ ቦይ» ይባላል። ጄኔቫ በዚያ ማዶ፣ ዙሪክ በዚህ ማዶ። በባቡር ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ አንዳንዴ ግን ሦስት አገር ያህል ይርቃል። ግራንጅ በነገሠበት ዓመት፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1992፣ ስዊዘርላንድ ወደ አውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ትግባ ወይስ አትግባ የሚል ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። 50.3 በመቶ «አይሆንም» አለ። ጄኔቫ ውስጥ ከአራት ሰው ከሦስት በላይ «ይሁን» ብሎ ነበር፤ ዙሪክ በትንሽ ልዩነት «አይሆንም» አለች። ከቮ ካንቶን የመጡት ሚኒስትር ዣን-ፓስካል ደላሙራ ዕለቱን «ጥቁር እሑድ» አሉት። የጄኔቫው ባልደረባዬ ያኔ አልተወለደም፤ ሆኖም ቢራው ሁለት ሲሆን ያን እሑድ ያነሣዋል። የዙሪኩም መልስ አለው፦ «እኛ ስንሠራ እናንተ ትመርጣላችሁ።»

ይህ ሁሉ ሳቅ ነው። ላንግሽትራሰ ግን ሳቅ ብቻ አላየችም።

በ1893 ወደ ዙሪክ የተጠቃለለው ይህ ሰፈር የሠራተኞች ሰፈር ነበር። ዋሻና ቤት የሚሠሩት ጣሊያኖች እዚህ በጠባብ ክፍል ታጉረው ይኖሩ ነበር። ማታ ማታ በጣት የሚጫወቱት «ሞራ» የሚባል ጨዋታ ነበራቸው፤ ቁጥር እየጮኹ ይጠራሉ፣ «ቺንኩዌ!» ማለትም «አምስት!» ይላሉ። ጎረቤቶቹ ከዚያ ጩኸት ስድብ ሠሩበት፣ ጣሊያኖቹን ሁሉ «ቺንግ» አሏቸው። (ቃሉ ዛሬም ስድብ ነው፤ ለታሪክ ነው የጻፍኩላችሁ።) በሐምሌ 1896 በአንድ ጠብ ላይ አንድ የአልዛስ ሰው በጣሊያናዊ ሠራተኛ እጅ ሞተ። ከዚያ ሕዝቡ ለብዙ ቀን ተነሣ። የጣሊያኖችን ቤትና ምግብ ቤት ሰባበሩ፣ ብዙዎቹም ከተማዋን ጥለው ሸሹ። ለማረጋጋት ወታደር መጣ።

ዓመቱን አስተውላችሁ? 1896። በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888፣ አድዋ ላይ የጣሊያን ጦር ተሸነፈ። በአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አማካሪ የነበረው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የስዊስ ሰው ነው፤ የተማረውም እዚህ ዙሪክ ውስጥ ነበር። እኔ እነዚህን ሁለት ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጥ የሚታየኝ አንድ ነው፦ አድዋ የመጣው ወራሪ ነበር፤ ላንግሽትራሰ የተደበደበው ግን ግንበኛ ነበር። ጣሊያን የሚል ስም ሁለቱን አንድ አያደርጋቸውም።

ከጣሊያኑ ባልደረባዬ ጋር ስለ አድዋ እንበሻሸቃለን። የካቲት ሲደርስ ቡና የሚጋብዘው እሱ ነው፤ «የጦር ካሣ» ይለዋል። ስለ 1936 ግን አንበሻሸቅም። በዚያ ዓመት ሰኔ 30 ቀን አጼ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆሙ። ጣሊያናውያን ጋዜጠኞች ንግግራቸውን ለማቋረጥ አፏጩባቸው። ንጉሡ ፈረንሳይኛ አሳምረው ይችሉ ነበር፤ የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው፣ ስለ መርዝ ጋዙ፣ ስለ ሞቱት። ባልደረባዬ ይህን ከኔ ሲሰማ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ቢራውን አስቀምጦ ብዙ ጠየቀኝ። ያን ማታ ማንም አልቀለደም፤ መቀለድም አልነበረበትም።

እሱም የራሱን ነገረኝ። አያቱ በ1960ዎቹ የስዊዘርላንድ ወቅታዊ ሠራተኛ ነበሩ። የወቅት ሠራተኛ ሚስትና ልጅ ይዞ መምጣት አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በድብቅ አመጡ። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ቤት ተዘግቶባቸው ይውላሉ፤ መሮጥ የለም፣ መሳቅ የለም፣ መስኮት አጠገብ መቆም የለም፣ ጎረቤት ከሰማ ፖሊስ ይጠራል። በሰኔ 1970 የውጭ ዜጎችን ቁጥር በየካንቶኑ በ10 በመቶ ለመገደብ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ለጄኔቫ ብቻ 25 በመቶ ተፈቅዶ ነበር። 54 በመቶው ተቃወመው። የመረጡት ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ሴቶች በፌዴራል ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ከነዚያ ቤተሰቦች እዚህ የተወለዱት ልጆች ስዊዘርላንድ ውስጥ ስም አላቸው፦ «ሴኮንዶ»። በጣሊያንኛ «ሁለተኛ» ማለት ነው። ሁለተኛ ትውልድ። እናንተ ማለት ናችሁ! በ1970ዎቹ የተወለደ ሴኮንዶ «ኔቨርማይንድ» ሲወጣ ጎረምሳ ነበር። ወላጆቹ «ዝም በል፣ ጎረቤት ይሰማል» እያሉ ያሳደጉት ልጅ እጁ ላይ ጊታርና ማጉያ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ መገመት ከባድ አይደለም። ግራንጅ ንጹሕ አነጋገር አይጠይቅም፣ ጥሩ ልብስ አይጠይቅም፣ የማን ልጅ ነህ አይልም። እንግሊዝኛው ራሱ ተጎርብጦ ስለሚዘፈን ተወላጁም በደንብ አይሰማውም። ማንም የማያውቀው ቋንቋ ለሁሉም እኩል ነው።

ሐምሌ 2006 ጣሊያን ፈረንሳይን አሸንፋ የዓለም ዋንጫን ስትወስድ ላንግሽትራሰ በመኪና ጥሩምባና በባንዲራ ተጥለቀለቀች። ከ1896ቱ ሐምሌ ልክ 110 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ጄኔቫ ውስጥ ያ ማታ እንዴት እንዳለፈ ባልደረባዬን ብትጠይቁት ወሬ ይለውጣል።

የኔም ቤተሰብ በሮሽቲው ቦይ ግራና ቀኝ ተከፍሏል። የእህቴ ልጅ ዙሪክ ትኖራለች፣ 11 ዓመቷ ነው። የአጎቴ የልጅ ልጅ ጄኔቫ ነው፣ 12። እሷ የዙሪክ ጀርመንኛ ትናገራለች፤ ትምህርት ቤቷ እንግሊዝኛን አስቀድሞ ፈረንሳይኛን ያስከተለ ስለሆነ ፈረንሳይኛዋ ገና ከሰላምታ አላለፈም። እሱ ፈረንሳይኛ ይናገራል፤ የሚማረው ጀርመንኛ የመጽሐፉ እንጂ የእሷ አይደለም። ለፋሲካ ሲገናኙ ለግማሽ ሰዓት ዝም ብለው ተያዩ። ከዚያ ያላቸውን አወጡ፦ የተሰባበረ አማርኛ። እሱ «አንተ» ይላታል፣ እሷ «አንቺ» ብላ ታርመዋለች፣ እሱ እልህ ይዞት «አንቱ» ይላታል። ከሰዓት በኋላ «የድንች ልጅ!» «የአይብ ልጅ!» ሲባባሉ ሰማሁ። እህቴ ልትቆጣቸው ተነሣች፤ እኔ እጇን ይዤ አስቀመጥኳት። ልጆቹ በአማርኛ እየተበሻሸቁ ነበር።

አሁን በስልክ ይጻጻፋሉ። ጄኔቫ በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ በ1602 ሌሊት ከተማዋን ሊይዝ የመጣውን የሳቮይ መስፍን ጦር የመለሰችበትን ቀን ታከብራለች፤ አንዲት እናት ከመስኮት የፈላ ሾርባ በወታደሮቹ ላይ ደፍታለች ይባላል። ስለዚህ ከቸኮሌት የተሠራ ድስት ይገዛና በቤቱ ያሉት ትልቁና ትንሹ ሰው አብረው ይሰብሩታል። ዙሪክ ደግሞ በሚያዝያ ከጨርቅ የተሠራ የበረዶ ሰው ታቃጥላለች፤ ራሱ ቶሎ ከፈነዳ በጋው ጥሩ ይሆናል ይላሉ። ባለፈው ታኅሣሥ ልጁ የተሰበረውን ድስት ፎቶ ላከላትና ከሥሩ በፊደል እንዲህ ጻፈ፦ «ጠላት አንዲ ይሰበራል»። እሷ «እንዲህ» ብላ አረመችውና ጨመረች፦ «እናንተ ሾርባ ደፋችሁ። እኛ ራስ እናፈነዳለን።»