ወለል ላይ የተቀመጠው ሀምበርገር

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ቀን ወደ አንድ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ገብተህ፣ ያለ ጠረጴዛና ያለ ሳሕን በባዶው ወለል ላይ የተቀመጠ ሀምበርገር ብታገኝ ምን ትላለህ? ከፍታው 1 ሜትር ከ30፣ ወርዱ ከ2 ሜትር በላይ ነው፤ አራት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በጭንቅ ይከቡታል። በአናቱ ላይ አንዲት ቁራጭ ኪያር ጣል ተደርጋበታለች። ይህ ተረት አይደለም። በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ የሚገኘው የኦንታርዮ የሥነ ጥበብ ቤት ንብረት ነው።

ሠሪው ክሌስ ኦልደንበርግ ይባላል። በ1929 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በስቶክሆልም ተወለደ፤ አባቱ የስዊድን ዲፕሎማት ስለነበሩ ያደገው በቺካጎ ነው። በዬል ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ጥቂት ጊዜ ወሬ አቀባይ ሆኖ ሠራ፤ በ2022 በ93 ዓመቱ በኒውዮርክ ዐረፈ።

ይህ ሰው በ1961 መጨረሻ በኒውዮርክ፣ ድኾች በሚበዙበት ሠፈር አንድ ሱቅ ተከራየ። የዶሮ ቤት ሽቦ እያጣመመ፣ በጀሶ የተነከረ ጨርቅ እያለበሰ፣ የሚያብለጨልጭ ቀለም እያፈሰሰበት ቀሚስ፣ ጫማ፣ ኬክና ሥጋ ሠራና እንደ ማንኛውም ባለሱቅ ደርድሮ መሸጥ ጀመረ። ዋጋው እንኳ የነጋዴ ዋጋ ነበር፤ 21 ዶላር ከ79 ሳንቲም የሚሸጥ ነበረ፣ 499 ዶላር ከ99 ሳንቲም የሚሸጥም ነበረ። ያቺን የጎደለች አንድ ሳንቲም ልብ በልልኝ፤ ገበያተኛን የምታታልለው እርስዋ ናት።

ቀጥሎ ነው ነገሩ ያበጠው። ኦልደንበርግ በኒውዮርክ ትልልቅ መደብሮች መስተዋት ውስጥ የተገተሩትን አውቶሞቢሎችና ፒያኖዎች አይቶ፣ የእኔም ምግብ እንደ እነዚህ ቦታ ይያዝ አለ። በ1962 ባለቤቱ ፓቲ ሸራውን በስፌት መኪና ሰፋችለት፤ ውስጡን በስፖንጅና በካርቶን ሞሉት፤ በቀለምም ቀቡት። ስለዚህ ሀምበርገሩ እንደ ድንጋይ ሐውልት ቀጥ ብሎ አይቆምም። ለስላሳ ነው፤ እንደ ጠገበ ሰው ዘፍ ብሎ ተቀምጧል።

የቶሮንቶው ቤተ መዘክር በ1967 ሲገዛው ከተማው ተንጫጫ። የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ከሰው ቁመት የበለጠ የካቻፕ ጠርሙስ ሠርተው፣ ተሸክመው ወደ ቤተ መዘክሩ ደጃፍ ወጡ። ሀምበርገር ከገዛችሁ ማባያውንም ውሰዱ ማለታቸው ነበር። እውነቱን ልንገርህና እኔም ወሬውን መጀመሪያ ሳነብ ከተማሪዎቹ ጋር ነበርሁ። ለሥነ ጥበብ የተመደበ ገንዘብ ለስፖንጅ ሲውል ማን ደስ ይለዋል?

ዳሩ ግን ዘመኑን ስመለከት ሐሳቤን ለወጥሁ። የማክዶናልድ ወንድማማቾች በ1948 በካሊፎርኒያ የምግብ ቤታቸውን ወጥ ቤት እንደ ፋብሪካ አሰናድተውት ነበር፤ አንዱ ሥጋ ይጠብሳል፣ ሌላው ዳቦ ያሰናዳል፣ ሌላው ይጠቀልላል። ሬይ ክሮክ በ1955 በቺካጎ አጠገብ የእነርሱን ስም የያዘ ምግብ ቤት ሲከፍት የአንዱ ሀምበርገር ዋጋ 15 ሳንቲም ነበር። ርካሽ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ምግብ ማንም ቆም ብሎ አያየውም፤ በእጅ ተይዞ በመንገድ ላይ ያልቃል። ኦልደንበርግ ግን ማንም የማያየውን ነገር ማንም ሊያልፈው እንዳይችል አድርጎ መንገድ ላይ ገተረው።

ዱዌን ሀንሰን የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ከ1969 እስከ 1970 ጠጉርዋን በመጠቅለያ ጠቅልላ፣ እስከ አፉ የሞላ የገበያ ጋሪ የምትገፋ ወፍራም ሴት በሰው ልክ ሠርቷል። ሥራው የተደነቀ ነው፤ እኔ ግን በዚያች ሴት ላይ የምንስቅ ይመስለኛል። በኦልደንበርግ ዘንድ የሚሳቅበት ሰው የለም። ሀምበርገሩን ይወደዋል፤ ይቀልድበታልም። ከሁለቱ የቱ እንደሚያይል ግን ሥራውን ባየሁት ቁጥር ይለዋወጥብኛል።

በቅርቡ ፎቶግራፉን ለተማሪዎቼ አሳየሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «መምህር፣ ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ይበላል?»። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ደግሞ ብዙ ካየችው በኋላ «የደከመው ይመስላል» አለች። ከዚህ የተሻለ ሒስ ገና አላነበብሁም።

ደወል ተደወለና ለምሳ ወጣሁ። የወር ደመወዝተኛ እንደሆንህ ታውቀዋለህ፤ እኔም ምሳዬን የምበላው ከባንኮኒው አጠገብ ቆሜ፣ ሰዓቴን እያየሁ ነው። ያን ቀን ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። አስተናጋጁ ጠረጴዛውን እየወለወለ፣ «መምህር፣ ዛሬ ሰው ይጠብቃሉ እንዴ?» አለኝ።