የሚነፋው ዓሣና ወደኛ ያልደረሰው ማስጠንቀቂያ

ባለፈው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ጧት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወደ ዓሣ አጥማጆች ወደብ ወርጄ ነበር። ከአንድ ጀልባ አጠገብ ጀርባው ነጠብጣብ፣ ሆዱ ነጭ፣ ክንድ የሚያህል ዓሣ ተጥሏል። «ይኼን የመሰለ ሥጋ ይጣላል?» አለ አንደኛው። የወር ገንዘቡን የጨረሰ ተማሪ በነጻ የተገኘ ዓሣ ሲያይ ምን እንደሚያስብ አንባቢ ያውቀዋል። ልናነሣው ጐንበስ ስንል አጥማጁ ሽማግሌ ጮኸብን፤ ጣቱንም በጉሮሮው ላይ አሳለፈ።

ይህ ሊባኖሶች ነፊኻ፣ ግብፆች ቀራድ የሚሉት ዓሣ ነው። ሲደነግጥ ውኃ እየጠጣ ሆዱን እንደ ፊኛ ይነፋል። የሳይንስ ስሙ ላጎሴፋለስ ስኬለራተስ ሲሆን፣ የፊተኛው ቃል ጥንቸል ራስ፣ የኋለኛው ወንጀለኛ ማለት ነው። ቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ የጥንት አገሩ ናቸው። በ1869 (እ.ኤ.አ.) በተከፈተው የስዊዝ ቦይ በኩል የመጣው ይህ ዓሣ በ2003 በቱርክ ጠረፍ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ምሥራቅ ሜዲትራንያንን ወርሶታል።

መርዙ ቴትሮዶቶክሲን ይባላል። በጉበቱና በዕንቁላሉ ይበዛል፤ በቆዳውና በሥጋውም አይጠፋም። ለአንድ ሰው ሞት ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ይበቃል ተብሎ ይገመታል። በነርቭ ላይ ሶዲየም የሚያልፍባቸውን በሮች ይዘጋል፤ ነርቭም መልእክት ማድረስ ያቆማል። መጀመሪያ ከንፈርና ምላስ ይደነዝዛሉ፤ ማስታወክ ይከተላል፤ እጅና እግር ይከዳሉ፤ በመጨረሻ የመተንፈሻ ጡንቻ ይቆማል። በሽተኛው አንደበቱ ተይዞ ሳለ በዙሪያው የሚባለውን ሁሉ ሊሰማ ይችላል።

የእንግሊዙ መርከበኛ ጄምስ ኩክ በ1774 በኒው ካሌዶንያ የዚህን ወገን ዓሣ ጉበት ቀምሶ ነበር። ሌሊቱን ሰውነቱ ደንዝዞ ውኃ የሞላበትን ማሰሮና ላባን በክብደት መለየት አቃተው። የሆድ ዕቃውን የበላው አሳማ ሞተ።

እኛ የደጋ ልጆች ዓሣን የምናውቀው ከጣናና ከሐዋሳ ነው። ዓይኑን አይተን፣ ስንጥቡን ገልጠን፣ አሽትተን እንገዛለን፤ የተጠራጠርነውን ደግሞ በሚገባ እንጠብሰዋለን። እዚህ ግን ይህ ልማድ አይረዳንም። ዛሬ ጧት የተያዘውም ያው መርዝ አለበት፤ የወጥ ቤት እሳትም አያጠፋውም። (ኦሪት ቅርፊት የሌለውን ዓሣ መከልከሏ እዚህ ላይ በጠቀመን ነበር፤ ነገር ግን አምባዛ ስንበላ መች ጠየቅናት!)

ግብፅ፣ ሊባኖስ፣ ቱርክና ቆጵሮስ ዓሣው ለምግብ እንዳይሸጥ ከልክለዋል። ክልከላው ተገቢ ነው። ነገር ግን የማይሸጥ ዓሣ በነጻ የሚገኝ ዓሣ መሆኑን ማን አሰበ? ነጻውን የሚያነሣው ባለ ሀብቱ አይደለም። ማስጠንቀቂያው በአገሩ ቋንቋ ተጽፎ ይለጠፋል፤ በቤት ሠራተኝነት የመጣችው እኅታችን፣ በግንባታ ላይ የሚውለው ወንድማችን አያነቡትም። ከዚያ በኋላ «ሳያውቅ በላ» ይባላል። በኔ አስተያየት ጥፋቱን በላተኛው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው።

በእስራኤል ከ2005 እስከ 2008 ድረስ 13 ሰዎች በዚህ ዓሣ ተመርዘው ሁሉም ድነዋል። መርዙ ማርከሻ የለውም፤ ሐኪም በሽተኛውን በመሣሪያ እያስተነፈሰ፣ መርዙ ከሰውነቱ እስኪወጣ ይጠብቃል እንጂ። እንግዲህ የሚያድነው ሆስፒታል በጊዜ መድረስ ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ ያለፈባት ልጅ ግን ከንፈሯ ሲደነዝዝ ስለ ፖሊስ እያሰበች «ትንሽ ልተኛና ይሻለኝ ይሆናል» ብትል አያስገርምም። እኔን የሚያስፈራኝ ያ እንቅልፍ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ የሕክምና ተማሪዎች ጉዳይ ነው ይላሉ። አልስማማም። ማኅበራችን በዓመት ስንት ወረቀት እንደሚያባዛ እናውቃለን፤ አንዱ ገጽ ለዚህ ይዋል። የዓሣው ሥዕል፣ «ብትቀቅሉትም አይበላም» የሚል ቃል፣ ከንፈር የደነዘዘበት ሰው ሳይተኛ፣ ብቻውን ሳይሆን፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል እንዲሄድና ዓሣ መብላቱን እንዲናገር፣ ከተቻለም ትራፊውን ይዞ እንዲቀርብ የሚያሳስብ መስመር ይበቃል። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በር፣ ገንዘብ ወደ አገር ቤት በሚላክባቸው ሱቆች ይለጠፍ። አማርኛውን እኔ ጽፌዋለሁ። ለትግርኛውና ለኦሮምኛው ግን ሰው እፈልጋለሁ፤ ፈቃደኛ የሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ ያነጋግረኝ።