ስለ ውሻው ምስክርነት

«ውሻ የወጣበት መድረክ ለሊቅ ነውር ነው» እያሉ የሚዘብቱ አሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1814 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ፒክሴሬኩር «የሞንታርዢ ውሻ» የተባለ ቴአትር በፓሪስ አሳየ። በታሪኩ አንድ መኮንን በጫካ ተገደለ፤ ደሙም በዲዳ ብላቴና ላይ ተላከከ፤ የጌታውን ገዳይ ግን ውሻው አጋለጠ። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ ይህን ውሻ ከቫይማር መድረክ ቢከለክል መስፍኑ ፈቀደ፤ ስለዚህም በ1817 ዓ.ም. ጎተ ከቴአትሩ አለቅነት ተሰናበተ። ነገር ግን እርሱ ራሱ በ1808 ዓ.ም. ባሳተመው «ፋውስት» ሰይጣንን በውሻ አምሳል አስገብቶ የለምን? ለሐሰት አባት ልብስ ሲሆን ያልተነወረ ውሻ፥ ለእውነት ሲመሰክር ስለ ምን ይነወራል? ፒክሴሬኩርስ የጻፈው ማንበብ ለማይችሉ ነው። ዲዳ ሲከሰስ እንስሳ ሲሟገትለት ያየ ሕዝብ፥ አንደበት የሌለውም እውነት እንዳለው ያለ መጽሐፍ ተማረ። በሲኒማ ገዳይ የሚያሳድደውም ውሻ የዚያ ዘር ነው፤ ዘሩን የወደደ አባቱን አይናቅ።